ስለ መናገሻ ጫካ ታሪክና በጥላውም ስለ መናፈስ

በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን መጽሐፍ ውስጥ ስለ ደብራችን አተካከል፥ ስለ አስተዳዳሪዎቹና ስለ ማኅሌቱ የሚጽፉ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ ሰዎች ስላሉ፥ እኔ ለአንዳንዶቻችሁ ከበዓሉ የራቀ የሚመስል ነገር መርጫለሁ። ይኸውም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለው የመናገሻ ጫካ ነው። ነገሩ ግን ከእኛ የራቀ አይደለም። የፊተኛው ቤተ ክርስቲያናችን ምሰሶዎች ጥድ ነበሩ፤ በሩና መስኮቱም ዝግባ ነበረ፤ ዛሬ በዕቃ ቤቱ ጥግ ተደግፎ የሚገኘውን አሮጌ መዝጊያ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ጥድና ዝግባ ደግሞ በዚህ በሸዋ ምድር ከቀሩባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ያ ጫካ ስለ ሆነ፥ ስለ እርሱ መናገር ስለ ራስ ቤት ከመናገር እጅግ አይለይም።

መናገሻ ማለት የንጉሥ መንገሻ፥ ዘውድ የሚደፋበት ስፍራ ማለት ነው። በዚያ አካባቢ በቀድሞ ዘመን ነገሥታት ይነግሡ ነበር እየተባለ ሲነገር ኖሯል፤ ስሙም በመጀመሪያ ከጎዳናው አጠገብ ያለው የትንሹ ተራራ ስም ነው። ጫካው ግን የሚገኘው ከዚያ በስተ ደቡብ ባለው በታላቁ ተራራ በወጨጫ ላይ ነውና፥ በመንግሥት መዝገብ መናገሻ ሱባ ተብሎ ይጠራል። ወጨጫ በጥንት ዘመን እሳት ይተፋ የነበረ፥ ከጠፋም እጅግ ብዙ ዘመን የሆነው ተራራ ነው፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል፤ ጫካው የሚጀምርበት የታችኛው ዳርቻ ግን ወደ 2,200 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከግርጌው ተነሥቶ እስከ ራሱ የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ከወይና ደጋ ተነሥቶ ደጋውን አልፎ ወደ ውርጭ ይደርሳል። ከጎኑ የሚፈልቁት ወንዞች የሰበታውም የሆለታውም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ አዋሽም ይህን ውሃ ይዞ በረሃውን አቋርጦ በአፋር አገር በአቤ ሐይቅ ያልቃል እንጂ ወደ ባሕር አይደርስም። በወጨጫ ላይ አንድ ዛፍ ሲወድቅ ነገሩ በሩቅ ቆላ ላለ ከብት አርቢ እንኳ የሚነካው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። የጫካው መጀመሪያ በሕዝብ ዘንድ የሚነገረው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ስም ነው። ይህ ንጉሥ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሠ፥ ደብረ ብርሃንን የተከለ፥ መጽሐፈ ብርሃንን የጻፈ፥ የእመቤታችንን ሠላሳ ሦስቱን በዓላት እንዲከበሩ ያዘዘ ነውና ለካህናት ጆሮ እንግዳ አይደለም። በቃል እንደ ወረደው ታሪክ ከሆነ፥ ንጉሡ የወጨጫ ጎን ተራቁቶ ባየ ጊዜ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ባለው ገደል ላይ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ጫካ የጥድ ችግኝ አስመጥቶ አስተከለበት ይላሉ። ይህ እንደ ተነገረ እውነት ከሆነ በአፍሪካ ምድር በመንግሥት ትእዛዝ ከተጠበቁት ጫካዎች ሁሉ ከቀደሙት አንዱ ይህ ነው ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፥ እኔ በቃል የመጣን ታሪክ የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ጥቂት መመርመር ይገባል። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከወፍ ዋሻ እስከ ወጨጫ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ችግኝን ሥሩ ሳይደርቅ ይህን ያህል መንገድ በሰው ጀርባ ማድረስ የማይቻል ባይሆንም እጅግ አስቸጋሪ ነው። የጥድ ፍሬ ግን ከአተር የማይበልጥ፥ ደርቆ በከረጢት የሚያዝ ነውና፥ መጣ ቢባል ፍሬው መጣ ማለት ለእኔ ይቀላል። ሁለተኛውም ነገር፥ በጫካው ውስጥ ጥድ ብቻ አይደለም ያለው፤ ዝግባ፥ ወይራ፥ ጥቁር እንጨትና ኮሶ ከጥዱ ጋር ተደባልቀው ይገኛሉ፤ እነዚህን ደግሞ ንጉሡ ተከላቸው የሚል የለም። ስለዚህ ከንጉሡ በፊት በተራራው ላይ ጫካ ፈጽሞ አልነበረም ማለት ያዳግታል።

ከዚህ በተቃራኒ ግን የጥድ ባሕርይ ለቃሉ ታሪክ ጥቂት ይመሰክርለታል። ጥድ ብርሃን ወዳድ ዛፍ ነው። በእናቱ ጥላ ሥር የወደቀ ፍሬ ቢበቅል እንኳ ብዙ ጊዜ ቀጭጮ ይቀራል፤ በዚያ ጥላ ሥር የሚያድጉት ወይራና እንደ እርሱ ያሉት ናቸው። ጥድ የሚበዛው ምድሩ በእሳት ወይም በመጥረቢያ ወይም በእርሻ ከተገለጠ በኋላ፥ ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በበተኑበት ስፍራ ነው። እንግዲህ ቁመታቸው የተስተካከለ ታላላቅ ጥዶች በአንድነት ቆመው ስናይ፥ በጥንት ዘመን በዚያ ቦታ ሜዳ የሆነ ምድር ነበረ ብለን ብናስብ አንሳሳትም። ንጉሡ የተራቆተ ተራራ አየ የሚለው ነገር ከዚህ ጋር ይስማማል። ዛፎቹን በሙሉ እርሱ ባይተክላቸውም፥ ከከብትና ከመጥረቢያ ከለላቸው ማለት ይበቃል። በቋንቋችን «ተከለ» የምንለው ለዛፍም ለድንኳንም ለከተማም ለደብርም ነው፤ ደብር ተከለ ሲባል ደግሞ ንጉሡ ድንጋዩን በእጁ ተሸከመ ማለት እንዳልሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

በዚያ ዘመን አካባቢው ባዶ አገር እንዳልነበረ የሚያስረዳ ሌላም ነገር አለ። በቬኒስ ከተማ የነበረው መነኩሴ ፍራ ማውሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የኢትዮጵያ ንጉሥ ከተማ ተጽፋ ትገኛለች፤ ያንንም ያወቀው ከአገሩ ከመጡ መነኮሳት ቃል ነው። ባራራ የት ነበረች በሚለው ነገር ሊቃውንት ገና ይከራከራሉ፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል ያደርጓታል። ከተማ ካለ ደግሞ ማገዶ አለ፤ የንጉሥ ሠራዊት የሰፈረበት ተራራ ቢራቆትና ንጉሡ ጠብቁት ብሎ ቢያዝ የሚደንቅ አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የመከራ ነበረ። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ የዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት በኢማም አሕመድ ፊት ተሸነፈ፤ ቀጥሎም አገሩ በጦርነት ተመታ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. እስከ ሞተ ድረስ ሸዋ ዕረፍት አላገኘም። በኋላም የኦሮሞ ሕዝብ በዚህ ምድር ሰፈረ፤ የነገሥታቱ ከተማ ወደ ሰሜን ራቀ። ከዚያ ጀምሮ የሸዋ ነገሥታት ኃይል ወደ ወጨጫ ተመልሶ እስኪደርስ ድረስ ከሦስት መቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ አለፈ።

በዚህ ስፍራ ቆም ብዬ አንድ ጥያቄ ማንሣት እወዳለሁ። ስለ መናገሻ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ከዘርዐ ያዕቆብ ወደ ምኒልክ ዘለው ይሄዳሉ፤ በመካከሉ ያለውን ሦስት መቶ ዓመት ማን ጠበቀው? የንጉሥ ዘበኛ አልነበረም፤ አዋጅም አልነበረም። ጫካው ግን ቆሞ ተገኘ። ቀዝቃዛና ገደላማ ስለ ሆነ ለእርሻ አልተፈለገም ይባል ይሆናል፤ ይህም የነገሩ አንድ ፊት ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚበልጥ ገደል ያለባቸው ብዙ ተራሮች ተራቁተው እናያለን። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዘመን ሁሉ በተራራው ዙሪያ የኖረው የኦሮሞ ገበሬና ከብት አርቢ ነው። ይህ ሕዝብ ጉባኤውን በኦዳ ዛፍ ሥር የሚያደርግ፥ ታላላቅ ዛፎችን የሚያከብር ሕዝብ ነውና፥ ጫካውን ከነጥላው ለምኒልክ ዘመን ያስረከበው እርሱ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። የነገሥታቱን ስም በክብር ስናነሣ የእነርሱን ድርሻ መርሳት አይገባንም።

ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የጫካው ታሪክ ሌላ መልክ ያዘ። በቀድሞ ልማድ የንጉሥ ከተማ ማገዶው ሲያልቅ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄድ ነበር፤ አዲስ አበባም ሳትቆይ በዚህ ችግር ተያዘች። የእንጦጦ ጥድ ለቤት፥ ለአጥርና ለማገዶ ተቆርጦ አለቀ፤ ለማገዶ የሚወጣ ሰው ከቀን ወደ ቀን መንገዱ ይረዝምበት ጀመር። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ ርቀው አዲስ ዓለምን ይሠሩ ጀመር፤ ከተማውም ወደዚያ ሊዛወር ታሰበ። መናገሻ በሁለቱ ከተሞች መካከል ስለ ሆነ፥ የከተማው መዛወር ቢፈጸም ኖሮ የወጨጫ ጥድ የእንጦጦ ዕጣ በደረሰበት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህ ግን አልሆነም፤ ያስቀረውም ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ ወደ አገራችን ገብቶ፥ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚቆረጥ፥ ተቆርጦም ከጉቶው እንደ ገና የሚያቆጠቁጥ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ የከተማው ሰው ሁሉ በየግቢው ተከለው። አዲስ አበባም በስፍራዋ ጸናች። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለውጦ እስከ ዛሬ የእመቤታችን ደብር ሆኖ ይገኛል። እኔ ራሴ ባሕር ዛፍን ምድር ያደርቃል፥ በሥሩም ሣር አያበቅልም እያልሁ ብዙ ጊዜ ነቅፌዋለሁ፤ ነቀፋዬንም አልመለስሁበትም። ነገር ግን መናገሻን ካዳኑት አንዱ እርሱ መሆኑን መካድ አልችልም። ዳግማዊ ምኒልክም ጫካውን የመንግሥት ብለው ከለሉት፤ ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጥም አስጠበቁት።

ጥበቃ ማለት ፈጽሞ አልተቆረጠም ማለት አይደለም። ለቤተ መንግሥት፥ ለመኳንንት ቤትና ለአብያተ ክርስቲያናት የሚሆነው ታላላቅ እንጨት ከጫካው ይወርድ ነበር፤ በኋላም የእንጨት መሰንጠቂያ መኪና ገብቶ የመጋዝ ድምፅ በሱባ ተሰማ። ጠላት አገራችንን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመንና ከዚያም በኋላ የጣውላ ፍላጎት እየበዛ ሄደ። በ1950ዎቹ ዓመታት ስለ ደን ሕግ ወጣ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ ሲባል ጫካውም በመንግሥት እጅ ቀረ። በተቆረጠው ስፍራ የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ በሰልፍ ተተከለ፤ ዛሬም ከበሩ ገብቶ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነውና «መናገሻ ይህ ነውን?» ብሎ እንዳያዝን፤ የጥንቱ ጫካ ከዚያ አልፎ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ጠባቂ በማይኖርበት በዚያ ጥቂት ወራት በአገሩ ሁሉ ብዙ ደን በመጥረቢያ አልቋል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደኑን የሚያስተዳድረው በዚያው ዓመት የተቋቋመው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው።

ስለ ዛፎቹ ጥቂት ልናገር። ጥድ እስከ 40 ሜትር ድረስ የሚያድግ፥ ግንዱ ቀጥ ያለ፥ እንጨቱ ቀላ ያለና መልካም ሽታ ያለው ዛፍ ነው። ምስጥ የማይደፍረው ስለ ሆነ አባቶቻችን ለምሰሶና ለአጥር ከሁሉ አስበልጠው መረጡት፤ በምሥራቅ አፍሪካ ያሉ እንግሊዞችም ለመጻፊያ እርሳስ ሠሩበት። ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የሚበቅሉ ናቸው፤ ፍሬ የምታፈራው ሴቲቱ ብቻ ናት። ስለዚህ ፍሬ አልያዘም ብሎ ጥድን የሚቆርጥ ሰው ወንዱን ገድሎ ሴቲቱን መበለት እንደሚያደርግ ይወቅ። ከዚህም ጋር አስተዳደጉ እጅግ የዘገየ ነው፤ በምሰሶ ልክ የሚሆነው የተከለው ሰው ካረጀ በኋላ ነው። ወይራን ለመፋቂያ፥ ለሽመልና ጋን ለማጠን እናውቀዋለን። ኮሶም በቀይ አበባው ከሩቅ ይታያል፤ የሴቲቱ አበባ የሆድ ትል መድኃኒት እንደ ነበረ ሽማግሎቻችን ምሬቱን እያስታወሱ ይናገራሉ። የጥቁር እንጨት ቅርፊት በውጭ አገር ለሽማግሎች የሽንት በሽታ መድኃኒት ስለሚሆን በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ቅርፊቱ እየተገፈፈ ብዙ ዛፍ ሞቷል። ወደ ተራራው ራስ ሲቃረቡ ታላላቆቹ ዛፎች ቀርተው አስታ ብቻ ይሆናል።

ከአራዊቱ በመጀመሪያ የሚያገኙት ጉሬዛን ነው፤ ማለዳ ድምፁ እንደ ከበሮ ከዛፍ ዛፍ ይመላለሳል። ነጭና ጥቁር ካባ የለበሰ፥ ቅጠል የሚበላ፥ በእጁም አውራ ጣት የሌለው ነው። በስማቸው የምኒልክ ድኩላ የተባለው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ወንዱ ሲያረጅ ወደ ጥቁርነት ይለወጣል፤ ጸጥ ብሎ ለሚሄድ ሰው በማታ ጊዜ ብቅ ይላል። ነብርም አለ፤ ይሁን እንጂ እርሱ ያየናል እንጂ እኛ አናየውም። ከወፎቹ ግንባሩ ቢጫ የሆነው አረንጓዴ በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ጉንጩ ነጭ የሆነ ሌላ አረንጓዴ ወፍም አለ፤ ክንፉን ሲዘረጋ እንደ ደም የቀላ ይታያል፤ ያ ቅላት ከመዳብ የተቀላቀለ ቀለም መሆኑን ሊቃውንት መርምረው አግኝተዋል።

አሁን ስለ ሽርሽሩ እንናገር፤ ወጣቶቻችን ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ የሚፈልጉት ይህን ነውና። ጫካው ከአዲስ አበባ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በሰበታ በኩልም በሆለታ በኩልም ይገባበታል፤ የመጨረሻው መንገድ ግን ድንጋያማ ነውና በክረምት ጭቃው መኪና ይይዛል። በበሩ የመግቢያ ዋጋ ይከፈላል፤ መንገድ መሪም ይገኛል። ከሱባ ተነሥተው ለሰዓት ወይም ለግማሽ ቀን የሚሄዱበት፥ እስከ ተራራው ራስም የሚያደርስ የእግር መንገድ ተሠርቷል፤ ድንኳን ተክሎ ማደርም ይቻላል። የሚሻለው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ነው፤ ዝናቡ ያባራል፤ አየሩ ይጠራል፤ ዳርቻው በአደይ አበባ ይሞላል። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ግን አየሩ ቀጭን ስለ ሆነ ቀስ ይበል፤ ሹራብም ይያዝ፤ ከሰዓት በኋላ ካለው ይልቅ ጠዋቱ ይቀዘቅዛልና።

አባቶቻችን ለመናፈስ ብለው ወደ ጫካ አይሄዱም ነበር። ወደ ጫካ የሚገባ ሰው ወይ አዳኝ ነው፥ ወይ ሽፍታ ነው፥ ወይ ዓለምን የናቀ መናኝ ነው፥ ወይም እንጨት ለቃሚ ነው። ዛሬ ግን የከተማው ሰው በቤትና በመኪና ታፍኖ ስለሚውል በእግሩ መሄድን እንደ ደስታ ይቆጥረዋል፤ እኔም ይህን አልነቅፍም። እንዴት እንደምንሄድ ግን አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ወደዚያ ወጥተን ነበር። ድምፅ ማጉያ ይዘን ነበረና ስንዘምር ዋልን፤ ጉሬዛም ድኩላም አላየንም፤ ልጆቹም «እንስሳ የለበትም» ብለው አዘኑ። በበላንበትም ስፍራ ፌስታልና የውሃ ላስቲክ ጥለን ልንመለስ ስንል አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡ። አንደኛው ዲያቆን ሰላምታ ሰጥቶ «አባቴ፥ እንዴት ዋሉ?» አላቸው። እርሳቸውም ሰላምታውን መልሰው «ልጄ፥ ይህን ላስቲክ ከብቶቼ ይበሉታል፤ ባለፈው ዓመት ጥጃ ሞቶብኛል» አሉ። አልተቆጡም፤ ይልቁንም ያፈርነው ስላልተቆጡ ነው። ተመልሰን ለቀምን፤ ሦስት ማዳበሪያ ሞላ፤ ግማሹም ከእኛ በፊት የመጡ ሰዎች የጣሉት ነበር።

ከእኒህ ሽማግሌ ጋር ጥቂት ተጫውተናል። የወደቀ እንጨት መልቀም ተፈቅዶላቸዋል፤ የቆመ መቁረጥ ግን ያስቀጣል። «የከተማ ሰው ዛፍ አትቁረጡ ይለናል፤ ከከተማ የሚመጣው ጣውላ የት እንደ ተቆረጠ ግን አይጠይቅም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጫካ በተጠበቀ ቁጥር የመጀመሪያውን ዋጋ የሚከፍለው ከአጠገቡ ያለው ድኻ ነው፤ ግጦሹም ማገዶውም የሚቀርበት እርሱ ነው፤ ጥላውና አየሩ ግን ለእኛ ነው። ከበር የሚሰበሰበው ገንዘብና በጫካው የሚገኘው ሥራ ለእነዚህ ሰዎች የሚደርሰውን ያህል ጫካው ዕድሜ ያገኛል ብዬ አስባለሁ።

ለመናገር የከበደኝን ነገር ለመጨረሻ አቆይቻለሁ። በደቡብ ጎንደር ጫካው በብዛት ጠፍቶ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ብቻ ነው፤ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን የቤተ ክርስቲያን ደኖች መርምረው ለዓለም አሳውቀዋል፤ በብዙ ስፍራም ሕዝቡ በዙሪያቸው የድንጋይ ካብ አድርጎላቸዋል። ይህን ሰምተን እኛም ቤተ ክርስቲያን ዛፍ ጠባቂ ናት እያልን እንመካለን። ነገር ግን በልጅነቴ በቅጽራችን ውስጥ ሰባት ታላላቅ ጥዶች እንደ ነበሩ ከእኔ ጋር የምታስታውሱ አላችሁ። አራቱ ለአዳራሹና ለአጥሩ ሲቆረጡ ያዘዘን ሰው በግድ አላዘዘንም፤ ተሰብስበን ተስማምተን ነው፤ የመጋዙን አንድ ጫፍ የያዝሁትም እኔ ነኝ። ከአንደኛው ጉቶ ላይ ክቦቹን መቍጠር ጀምሬ ከመቶ በላይ ስደርስ ተውሁት። ያ አዳራሽ ከሃያ ዓመት በኋላ ጠበበን ተብሎ ፈረሰ፤ እንጨቱም ለማገዶ ሄደ።

ለዚህ በዓል ዝግጅት ሲደረግ ከጫካው ችግኝ ማፍያ አርባ የጥድና የዝግባ ችግኝ አምጥተን ባለፈው ሐምሌ በቅጽሩ ዙሪያ ተክለናል። ልጆቹ በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ውሃ ያጠጣሉ፤ ለእያንዳንዱም ተራ ተደልድሏል። በጥቅምት ስንቈጥር ሠላሳ አንዱ ቆመው ነበር፤ ቁመታቸው ገና ከጉልበት አይደርስም። በምሥራቁ በር አጠገብ ያሉትን ሦስቱን ፍየል ጫፋቸውን ስለ ነከሰቻቸው እሾህ ታጥሮላቸዋል፤ ሁለቱ ከሥር አቆጥቁጠዋል።